አንድ ቤት፣ አንድ ልጅ

የ2071 ዓ.ም. ዝርዝር የተነበበው መስከረም ሃያ ስምንት ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ድንኳኑ በዋዜማው ተተክሎ ነበር። የታችኛው ረድፍ ነዋሪዎች እንደ ወትሮው በየአግዳሚው ጫፍና ጫፍ ተቀመጡ፤ መሃሉ ባዶ ይተዋል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን ጠርገው ማንበብ ጀመሩ። መጀመሪያ የልጁ ስም፣ ከዚያ ዕድሜው፣ ከዚያ የሚሄድበት ቤት። ልጁን የሚሰጠው ቤተሰብ «አቤት» ይላል። የሚቀበለውም ቤት «አቤት» ይላል። ሌላ ንግግር የለም።

ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው፣ ድሮ የሚሰበሰበው ሰው ሲሞት ነበር። ደሴ ላይ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሥራው ወደ ልጆች የዞረው ሦስተኛው የጉንፋን መድኃኒት መሥራት ባቆመበት ዓመት ነው። መንግሥት ልጆችን በየቤቱ የሚያከፋፍልለት ሲፈልግ፣ ማን የት እንደሚኖር፣ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ የሚያውቅ ከቅሬ ሌላ አላገኘም። ቅሬ ድንኳን ነበረው። ስም መጥራትም ያውቅበታል። ይህ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል።

ሕጉ አጭር ነው። ከጥቅምት አሥር እስከ ጥር ሃያ ባለው መቶ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ከሰባት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከአንድ በላይ አይኖርም። ሁለተኛው ልጅ፣ ልጅ ወደሌለው ቤት ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ዘጠኝ ቀን ይዘጋል። የሰው ትንፋሽ ያመጣበት ጉንፋን ካለ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ይታያልና። በእነዚያ ቀናት የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያዥ ይባላል። ከያዡ ሌላ ትንፋሽ ያገኘው ልጅ ተቀባይ ቤት አይገባም። ቀኑን እንደገና ለመቁጠር ጊዜ ስለሌለ ወደ ወል ቤት ይወሰዳል። ወል ቤት ከከተማው ዳር ያለ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ሕንፃ ነው። ባለፈው ዓመት ሠላሳ ስምንት ልጆች ገብተውበት ሃያ ዘጠኙ ወጥተዋል።

ጉንፋኑ አዋቂን ሁለት ቀን ያስነጥሰዋል። ልጅን ይገድላል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። የትኛውን እንደሚገድል አስቀድሞ ስለማይታወቅ ሁሉም እኩል ይጠበቃሉ።

«ነጃት ጡሃ፣ ሦስት ዓመት፣ እትዬ የውብዳር ቤት» ተባለ።

ኢክራም «አቤት» አለች። ከድንኳኑ ማዶ ጫፍ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት «አቤት» አሉ።

ኢክራም ሠላሳ ዓመቷ ነው። ባሏ ጡሃ ባጃጅ ይጠግናል። ታላቋ ልጃቸው ፊርደውስ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ስለጀመረች እቤት እንድትቀር ተወሰነ። ውሳኔው ብዙ አላወያየም። ነጃት ትንሽ ናት፣ ቶሎ ትለምዳለች አሉ። ቶሎም ትረሳለች የሚለውን ማናቸውም አላሉትም።

ኢክራም ራሷ የቅሬው አንባቢ ናት። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአንባቢ ካፖርቷን ለብሳ፣ የፊት መሸፈኛዋን አጥልቃ ትወጣለች። የታችኛው ረድፍ አርባ አንድ ቤት አለው። መስኮቱን በጣቷ ትመታለች፤ ልጁ ይመጣና ግንባሩን መስተዋቱ ላይ ይለጥፋል፤ እርሷ በውጭ በኩል መለኪያውን ታስጠጋለች፤ ቁጥሩን ትጽፋለች። በረድፉ ውስጥ ገና መናገር ያልጀመሩ ልጆች እንኳ መስኮት ሲመታ ግንባራቸውን ማቅረብ ያውቃሉ። በክረምት፣ ወቅቱ ሳይሆንም፣ የባጃጅ መስታወት ላይ ግንባራቸውን ሲለጥፉ ይታያሉ።

ልጅ የሌለበትም ቤት አይዘለልም። እዚያ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ በዚህ ቤት ልጅ አለ? ሰው የዘመዱን ልጅ ደብቆ ስለሚገኝ ነው። መልሱ የታወቀ ቢሆንም መጠየቅ ግዴታ ነው፤ መልሱ ከአፍ ሳይወጣ አይጻፍም።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የስንዱ ነው። ከኢክራም ቤት በስተቀኝ፣ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። ስንዱ ሁለት ሴት ልጆች ነበሯት። ታላቋ አሁን ሰባት ዓመት ስለሞላት ከዝርዝሩ ወጥታለች። ታናሿ ሐመልማል ትባል ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ዘጠኝ ቀን፣ ማለትም የሐመልማል ዘጠኝ ቀን ሊያልቅ አንድ ጠዋት ሲቀረው፣ ኢክራም በመስኮቱ በኩል ስንዱን አየቻት። የልጅቷ ያዥ አባቷ ነበር። ስንዱ ከግድግዳ ወዲህ ሆና የልጇን ድምፅ ብቻ ስትሰማ ሰንብታ፣ ባሏ ውሃ ሊቀዳ ወደ ጓሮ ሲዞር በሩን ከፈተችና ገባች። ልጅቷን ጉንጯን ሳመቻት። አንድ ጊዜ ነው። ቀና ስትል ኢክራም መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር፤ ብዕሩ በእጇ ነበር። ኢክራም ጻፈች። ስንዱ አልለመነችም። «ሰዓቱንም ጻፊው» ብቻ ነው ያለቻት።

ሐመልማል ወል ቤት ገባች። ጥቅምት ሃያ አራት ቀን ሞተች። አምስት ዓመቷ ነበር።

ቅሬው ለልጆች የተለየ ትንሽ ድንኳን አሰፍቷል፤ ለመትከል ሁለት ሰው ይበቃል። ኢክራም ለቅሶ ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጠች። ስንዱ ሰላምታዋን አላቋረጠችባትም። ልጅቷን የገደላት መሳሟ ነው ወይስ ወል ቤት የሚለው ጥያቄ በረድፉ ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አያነሣም። ኢክራም ግን መልሱን ለራሷ ወስናዋለች፤ የጉንፋኑ ቀን ከመሳሟ ቀን ጋር ይገጥማል ብላ አምናለች። ይህን እያመነች አንድ ዓመት ሥራዋን ሠርታለች።

ነጃት ጥቅምት አንድ ቀን ተዘጋች። ያዥዋ ጡሃ ሆነ፤ አንባቢ ያዥ መሆን አይችልም። ጋራዡን ዘግቶ ከልጅቷ ጋር የኋላው ክፍል ገባ። ኢክራም ሳህኑን ከበሩ ሥር ታስቀምጥና ወደ ኋላ ትሸሻለች። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሩ ከተዘጋ በኋላ ባልና ሚስት ያወራሉ። በሦስተኛው ቀን ጡሃ ልጅቷ ማርሽ ማስገባት ተምራለች አላት፤ የእርሱ ጉልበት አንደኛ፣ ክርኑ ሁለተኛ፣ አፍንጫው የኋላ ማርሽ ነው። በስድስተኛው ቀን ነጃት ራሷ ወደ በሩ መጥታ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀች። ኢክራም እዚህ ነኝ አለቻት። ነጃት፣ እዚህ እኮ እኔ ነኝ ያለሁት አለቻት።

ጥቅምት አሥር ቀን ጠዋት ወጡ። በማስተላለፊያ ቀን መንገድ ላይ የሚያልፉት ልጁና የሚያደርሱት ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው በየመስኮቱ ሆኖ ያያል። ጡሃ ነጃትን አቅፎ ከፊት ሄደ። የልጅቷ ፊት እስከ አገጯ በስስ ጨርቅ ተሸፍኗል። ኢክራም የልብሷን ቦርሳ ይዛ አሥር እርምጃ ከኋላ ተከተለች። ካፖርቷን ለብሳለች፤ ሰሌዳዋ በብብቷ ሥር ነው። የጦሳ ተራራ ነፋስ ይነፍሳል።

የጡሃ አባት፣ አባባ ይማም፣ ሦስት ቤት ከፍ ብለው ይኖራሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ባጃጅ ነጂ ነበሩ፤ ኮሮና ሲመጣ ሰው ክርን ለክርን ሰላም ሲባባል እንደሳቁ አሁንም ያወራሉ። ሲያረጁ መራቂ ሆኑ። የታችኛው ረድፍ ሰው ሲያገባ፣ ሲታመም፣ ዓረብ አገር ሲሄድ፣ ቤት ሲገባ እርሳቸው ሳይመርቁት አይሆንም። ሃይማኖት አይለይም። ሲመርቁ እንደ አባታቸውና እንደ አያታቸው እንትፍ እንትፍ ይላሉ፤ የተመረቀው ሰው ፊቱ ረጥቦ ይሄዳል፤ ማንም ፊቱን ወዲያው አይጠርግም፤ ነውር ነው።

የዚያን ቀን በመስኮት መሆን ነበረባቸው። በር ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ተገኙ።

ጡሃ ቆመ። ሰው በአባቱ ፊት ዝም ብሎ አያልፍም። ደግሞ የሚሆነውን ገና አላወቀም። አባባ ይማም ሁለት እርምጃ መጡና የነጃትን መሸፈኛ በሁለት ጣታቸው ገለጡት።

«ልጅ ፊቷ ተሸፍኖ አይመረቅም» አሉ። «ያ አላህ፣ በሰላም ሄዳ በሰላም ትመለስ። ከዓይን ይሰውርሽ፣ ከነፋስ ይሰውርሽ። እንትፍ። እንትፍ። ዕድሜዬን ይስጥሽ።»

ነጃት ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። አባባ ጨርቁን ወደ ቦታው መለሱና ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው።

ኢክራም አልጮኸችም፤ ጊዜም አልነበረም። ከቦርሳው ፎጣ አውጥታ ለጡሃ ወረወረችለት፤ ጠረጋት። መጥረጉ የሚለውጠው ነገር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ጡሃ ሊያያት ዞረ። ወደ ቤት መመለስ አይቻልም፤ እዚያ ፊርደውስ አለች። ወደ ፊት የቅሬው ጠረጴዛ አለ። ቀና ስትል ስንዱን በመስኮቷ አየቻት። ስንዱ መጋረጃውን በአንድ እጇ ይዛ ነበር። አልለቀቀችውም፣ አልዘጋችውም።

ጠረጴዛው ከረድፉ መታጠፊያ ላይ ነው። ጋሽ ልሳነወርቅና ጸሐፊው ተቀምጠዋል። በየልጁ አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ወላጅ ይመልሳል፤ አንባቢ ይፈርማል። ኢክራም ዛሬ ሁለቱም ነበረች።

«በዘጠኙ ቀን ከያዡ ሌላ ትንፋሽ አግኝቷታል?»

ጡሃ መሬት መሬት አየ። ኢክራም ከኋላው ሆና፣ «አባባ መርቀዋታል» አለች።

«መቼ?»

«አሁን። ደጃቸው ላይ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንደ ልማዳቸው።»

ጸሐፊው ፈገግ አለና ተወው። ጋሽ ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔንም መርቀውኛል» አሉ። «ስታሰር አንድ፣ ስፈታ አንድ። ሁለቱም ጊዜ በፎጣ ነው የሄድኩት።» ነጃት እጇን ዘርግታ የጸሐፊውን ብዕር ለመያዝ ሞከረች። ጋሽ ልሳነወርቅ ልጅቷን ጥቂት አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምርቃት ትንፋሽ ተብሎ እንደማይጻፍ፣ እርሳቸው በሕይወት እያሉ የአባባ ይማም ምርቃት በደል ተብሎ በቅሬው መዝገብ እንደማይሰፍር ተናገሩ።

«የለም በል» አሉት ጸሐፊውን።

ጸሐፊው የለም ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ ወደ ኢክራም ዞረ።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ የስንዱ ባል፣ የእናት ከንፈር እኮ ነው ብሎ ነበር። ጋሽ ልሳነወርቅ ያን ጊዜ ያሉት፣ ሕግ ነው ልጄ፣ ነበር። ኢክራም ሁለቱንም ሰምታለች። ፈረመች።

እትዬ የውብዳር በራቸውን ከፍተው ጠበቁ። ጡሃ ልጅቷን ደፉ ላይ አስቀመጣት። ነጃት ሁለት እርምጃ ገባችና ዞረች። በሩ ተዘጋ።

በማግሥቱ ኢክራም እንደ ወትሮው ዞረች። አሥራ ስድስተኛው ቤት ስትደርስ መስኮቱን መታች። ስንዱ መጣች።

«በዚህ ቤት ልጅ አለ?»

«የለም» አለች ስንዱ። ኢክራም ጻፈች። ወደሚቀጥለው ቤት ልትሄድ ስትል ስንዱ መስኮቱን በጥቂቱ ገፋ አደረገችው።

«አይቻለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ምን ብለው ጻፉ?»

«የለም ብለው።»

ስንዱ ራሷን ነቀነቀች። ሊጥ የነካ እጇን በመቀነቷ ጠረገችና መስኮቱን ዘጋችው። ኢክራም ቀኑን ሙሉ ከቅሬው እስኪጠሯት ጠበቀች። አልጠሯትም። በማግሥቱም አልጠሯትም። በየጠዋቱ ጥያቄውን ትጠይቃለች፤ ስንዱ የለም ትላለች፤ ትጽፋለች። ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።

የእትዬ የውብዳር ቤት በዙሯ ሠላሳ ሦስተኛው ነው። እትዬ የውብዳር ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በስድስት ዓመት ስድስት ልጅ ተቀብለው ስድስቱም በእግራቸው ወጥተዋል። ይህን እርሳቸው አይሉትም፤ ዓይን ይበላዋል ብለው ይፈራሉ። በመስኮት በኩል ሲያወሩ ግን አይቻሉም። ሥጋ ከእስላም ልኳንዳ እንደሚያስመጡ፣ አንዷ እየበላች አንዷ ማየት ስለማይሆን እርሳቸውም እንደሚቀምሱ፣ ኢክራም ይህን ለንስሐ አባታቸው ብትናገር የነጃትን ጠጉር አንበሳ እንደሚያስመስሉት ነገሯት።

በሁለተኛው ቀን የነጃት ሙቀት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት ነበር። በሦስተኛው ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት።

«ትናንት ስምንት፣ ዛሬ ሰባት» አሉ እትዬ የውብዳር። «ልጅቷን እያበረዷት ነው ልትዪኝ ነው?»

ኢክራም አይደለም አለቻቸው። ስለ ምርቃቱ አልነገረቻቸውም። ወረቀቱ የለም ይላል።

በአራተኛው ቀን ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ሆነ። ኢክራም መለኪያውን አነሣች፣ ጠረገች፣ መልሳ አስጠጋች። ያው ነው። ትኩሳት የሚባለው ሠላሳ ስምንት ነው፤ ከሠላሳ ሰባት ተኩል በላይ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ እንደገና መነበብ አለበት። ጻፈችው። የቀሩትን ስምንት ቤቶች አነበበች። ቤቷ ገብታ ለፊርደውስ ቁርስ ሰጠች፤ የፊርደውስን ካልሲዎች አጠበች፤ አንዱ ስለጠፋ ፈለገችው፤ አገኘችው።

ከቀትር በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰዓቱን ስትጠብቅ፣ ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር እንዳለ አወቀች። ነጃት ትኩሳት ከያዛት፣ የአንድ አፍታ ትንፋሽ በእርግጥ ይገድላል ማለት ነው። እንግዲያው ባለፈው ዓመት የጻፈችው ትክክል ነበር። ሐመልማልን የገደላት እናቷ እንጂ የኢክራም ብዕር አይደለም። ይህን ስታስብ ደረቷ ቀለል አለ። ቀለል ማለቱን አየችው፤ ከሌላ ሰው ሰሌዳ ላይ እንደሚነበብ ቁጥር። ለጡሃ አልነገረችውም። ለማንም አልነገረችም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄደች። ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ። በማግሥቱ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። እትዬ የውብዳር ልጅቷ ከምድጃው አጠገብ አልጠፋ ብላ ነው አሉ።

አባባ ይማም በዚያ ሳምንት ሳሉ። እርሳቸው ሁልጊዜ ያስላቸዋል፤ የአዋቂ ሳል አይቆጠርም። ጡሃ ግን መቋቋም አልቻለም፤ በስምንተኛው ቀን ሄዶ መስኮታቸው ሥር ቆመና ያደረጉትን ነገራቸው። እርሳቸውም፣ ገደልኳት ወይ? ብለው ጠየቁት። ገና አልታወቀም አላቸው። ሲመለስ ለኢክራም እንዲህ ብሎ እንደመለሰ ነገራት፤ ደግ መልስ ነበር ወይ ብሎም ጠየቃት።

ዘጠኙ ቀን አለፈ። ነጃት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሰባት ነበረች። አሥረኛውም፣ አሥራ አምስተኛውም አለፈ። ለአባባ ይማም ልጅቷ ደህና መሆኗ ተነገራቸው፤ አልሐምዱሊላህ አሉ። ግን ከዚያ ወዲህ ማንንም አልመረቁም። ኅዳር ላይ የጎረቤት ልጅ ለሥራ ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ደጃቸው መጥቶ ቆመ። አባባ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። አፋቸውን ሳይከፍቱ ብዙ ቆዩና መዳፋቸውን አጠፉ። ልጁ መመረቅ አለመመረቁን ሳያውቅ ሄደ።

በዚያ ወቅት በታችኛው ረድፍ ትንሹ ድንኳን ሦስት ጊዜ ተተከለ። የቅሬው ጥሩምባ አሁን በየሰዉ ስልክ ላይ ነው የሚነፋው፤ ለአዋቂ ረጅም፣ ለልጅ አጭር ነው። አጭሩ ሲሰማ ሰው የሚያደርገውን ትቶ ጥቂት ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ አልነበረም ይባላል። ታኅሣሥ ላይ ኢክራም በሃያ ሁለተኛው ቤት ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት አነበበች። አራት ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ ግንባሯን ከመስተዋቱ ላይ አንሥታ ስንት አመጣሁ? ብላ ጠየቀቻት። ኢክራም ቁጥሩን ነገረቻት። ልጅቷ ብዙ ነው ብላ ተደሰተች።

ጥር ሃያ ቀን ሁለት ሰዓት ላይ በሮች ተከፈቱ። መንገዱ በአንድ ጊዜ ሞላ። ልጆቹ በፀሐዩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ አንዳንዱ ሌላ ልጅ መኖሩን የረሳ ይመስላል። ኢክራም ካፖርቷን አውልቃ፣ አረንጓዴ ሻሽ አስራ ሄደች። እትዬ የውብዳር ነጃትን በእጇ ይዘው ወጡ። ልጅቷ ቁመት ጨምራለች። ኢክራም ተንበርክካ ስሟን ስትጠራት ነጃት ድምፁን አወቀችው። ቀና ብላ ለእትዬ የውብዳር፣ «አንባቢዋ መጣች» አለቻቸው።

«እናትሽ ናት፣ አንቺ ጉድ!» አሉ እትዬ የውብዳር። «መቶ ቀን ሙሉ ስነግርሽ።» ይህን ብለው ወዲያው ዞረው የልብሱን ቦርሳ ሊያመጡ ገቡ፤ ቦርሳው ግን በሌላው እጃቸው ነበር። ቆይተው ሲወጡ ፊታቸውን ታጥበዋል።

ነጃት የመንገዱን የመጀመሪያ ግማሽ አለቀሰች፤ በሁለተኛው ተኛች። ኢክራም ትከሻዋ ላይ አድርጋ ይዛት ሄደች። ፊርደውስና ጡሃ ቤት ይጠብቃሉ። ስንዱ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። ታላቋ ልጇ ከሌሎች ልጆች ጋር ወርዳለች። ስንዱ ወደ ነጃት ጀርባ አየች።

«አደገች» አለች።

«አደገች።»

«ትኩሳት ነበራት?»

ኢክራም ቆመች። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት መዝገቡ ላይ አለ፤ በራሷ እጅ ጽፋዋለች። ነበራት፣ በአራተኛው ቀን፣ ለትንሽ ተረፈች ማለት ትችላለች፤ ስንዱ ሄዳ አታጣራም። እንዲያ ካለች ትንፋሽ ያው ትንፋሽ ነው፤ ጥፋቱ ከስንዱ ከንፈር ላይ ይቀራል። ሌላውን መልስ ከሰጠች ጥፋቱ የት እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ነጃት ትከሻዋ ላይ ትተነፍሳለች።

«አልነበራትም» አለች ኢክራም።

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ስንዱ ስለ ሰፈር ነገር እንደሚያወራ ሰው፣ «የእኔዋም አልነበራትም» አለች። «ከወል ቤት በየቀኑ ይነግሩኝ ነበር። ዘጠኙ ቀን ሲያልፍ ደህና ነበረች። በአሥራ ሁለተኛው ነው የጀመራት። ከጎኗ የተኛው ልጅ ነበረው።»

«አልነገርሽኝም» አለች ኢክራም።

«አልጠየቅሽኝም።»

ከታች የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ስንዱ እጇን አንሥታ ከነጃት ትከሻ ላይ የተንሸራተተውን ጋቢ ስባ አስተካከለች፤ ልጅቷን ሳትነካ፣ ጨርቁን ብቻ።

«በይ ግቢ» አለቻት። «ልጅቷን ብርድ ይመታታል።»